ሴት ባለቅኔ የለችም ወይ?

ባለፈው ዓመት በኅዳር ወር፤ ከምሳ በኋላ ባለው ክፍለ ጊዜ፤ የሁርሶ ፀሐይ የክፍሉን ቆርቆሮ እንደ ምጣድ አግሎት ሳለ፤ ስለ ዘመናዊ የአማርኛ ግጥም አስተምር ነበር። በጥቁር ሰሌዳው ላይ ስሞችን በተራ ጻፍሁ፤ ዮፍታሔ ንጉሤ፤ ከበደ ሚካኤል፤ መንግሥቱ ለማ፤ ጸጋዬ ገብረ መድኅን፤ ገብረ ክርስቶስ ደስታ፤ ሰሎሞን ዴሬሳ። ጠመኔው ከእጄ ሳይወርድ ከኋለኛው መደዳ አንዲት ተማሪ እጇን አነሣችና «ቲቸር፤ ሴት የለችም ወይ?» ስትል ጠየቀችኝ።

የክፍሉ ወንዶች ሳቁ። እኔም፤ መልስ ሲጠፋን ጉሮሮ መጥረግ የመምህራን ልማድ ነውና፤ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ከዚያም «እንዴት አትኖርም!» ብዬ ስለ አሜሪካዊቷ ባለቅኔ ስለ ኤሚሊ ዲኪንሰን እነግራቸው ጀመር። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ስለ እርስዋ አንድ የጥናት ጽሑፍ አቅርቤ ነበርና አንደበቴ አልያዘኝም። የተወለደችበትን ከተማ፤ ትለብሰው የነበረውን ነጭ ቀሚስ፤ ግጥሞቿን በመርፌና በክር እየሰፋች በክፍሏ ማኖሯን ሁሉ አወራሁ። ልጅቷ እስክጨርስ ድረስ በትዕግሥት ሰማችኝና «እሺ ቲቸር፤ የእኛስ?» አለች። በዚህ ጊዜ ደወል ተደወለ። ባይደወል ኖሮ ምን እመልስ እንደ ነበር እስካሁን አላውቀውም።

እነሆ፤ ይህ ጽሑፍ ለዚያች ተማሪ የዘገየ መልስ ነው። መልሱ አጭር ነው፤ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ይባላሉ። ረጅሙ ነገር፤ ስማቸውን የምናውቅ ሰዎች እንኳ «የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ አባል» ብለን የምናልፋቸው፤ ባለቅኔ ብለን ግን በሰሌዳ ላይ የማንጽፋቸው ለምንድን ነው የሚለው ነው።

አስቀድሜ ስለ አሜሪካዊቷ ጥቂት ልጨምር፤ ከነገሩ ጋር ይገናኛልና። ኤሚሊ ዲኪንሰን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1830 በማሳቹሴትስ ግዛት አምኸርስት በምትባል ከተማ ተወለደች። በአንድ የሴቶች አዳሪ ትምህርት ቤት አንድ ዓመት ያህል ከተማረች በኋላ ወደ አባቷ ቤት ተመለሰች፤ ዕድሜዋ እየገፋ በሄደ መጠንም ከደጃፍ መውጣቷ እየቀረ ሄደ። ወደ 1800 የሚጠጋ ግጥም ስትጽፍ፤ በሕይወቷ ሳለች የታተመላት ከዐሥር ያህል አይበልጥም፤ እርሱም ስሟ ሳይጠቀስ። በ1886 ስትሞት ታናሽ እኅቷ ላቪኒያ ጽሑፎቹን አገኘች። ይህች እኅት ኤሚሊ ዘንድ የነበሩትን ደብዳቤዎች አቃጥላለች፤ እንዲሁ ግጥሞቹንም «የሟች ወረቀት ነው» ብላ እሳት ውስጥ ብትጨምራቸው ኖሮ ዛሬ ስለ ኤሚሊ የሚያወራ ሰው ባልተገኘ ነበር። በ1890 የመጀመሪያው መድበል ታተመ፤ ዳሩ ግን አዘጋጆቹ ነጠላና ድርብ ሰረዙን እንደ ልማዱ አስተካከሉ፤ ቤት አልመታም ያሉትንም ቃል ለወጡ። ግጥሞቿ እርስዋ እንደ ጻፈቻቸው ተሰብስበው የወጡት በ1955፤ ማለት ከሞተች ከ69 ዓመት በኋላ፤ ቶማስ ጆንሰን በተባለ ሊቅ ድካም ነው።

እንግዲህ ግጥሙን ጻፈች እንጂ ቦታዋን ራሷ አልያዘችም። ያስያዟት እኅት፤ አዘጋጅ፤ መምህርና አንባቢ ናቸው። ይህን እያወቅሁ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ መውጣቴ፤ የእኛዋን ግን ማን ቦታ እንዳስያዘ አንድ ቀን እንኳ ራሴን አለመጠየቄ አሳፈረኝ።

በመሠረቱ ሴት ግጥም መግጠሟ በአገራችን ለማንም እንግዳ ነገር አይደለም። እኔ በማስተምርበት በሁርሶና በድሬዳዋ አካባቢ የሶማሌ እናቶች ሠርግ ሲሆን «ቡራንቡር» የሚባለውን የሴቶች ግጥም እያጨበጨቡና ከበሮ እየመቱ ሲያወርዱት ወንዱ ዳር ቆሞ ይሰማል። በአማራው አገርም አልቃሽዋ ሙሾ ስታወርድ ባላባቱም ካህኑም አንገቱን ይደፋል፤ ያ ሙሾ የሟቹን የሕይወት ታሪክ ከማንም ጸሐፊ አሳምሮ የሚናገር ነው። የጠፋው ግጥሙ አልነበረም፤ ወረቀቱ ነው። በዘመናዊው ትምህርት አማካይነት ወረቀቱን ካገኙት ከመጀመሪያዎቹ ሴቶች አንዷ ወይዘሮ ስንዱ ናቸው።

የተወለዱት በ1908 ዓ. ም. በአዲስ ዓለም ነው። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ በስዊስ አገር የተማሩ፤ የውጭ ቋንቋ የሚያውቁ፤ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በጎንደር ከንቲባነት የተሾሙ ሰው ናቸው። በ1911 ዓ. ም. ከደጃዝማች ናደውና በኋላ ብላቴን ጌታ ከተባሉት ከኅሩይ ወልደ ሥላሴ ጋር ሆነው በመልእክተኛነት ወደ አሜሪካ ተጕዘው ፕሬዚዳንት ዊልሰንን አነጋግረዋል። የኤሚሊን አገር አባትየው አስቀድመው አይተውታል ማለት ነው፤ ልጃቸው ያን ጊዜ የሦስት ዓመት ሕፃን ነበሩ።

ከንቲባ ገብሩ ለዘመናቸው እንግዳ የሆነ ነገር አደረጉ። ስንዱንና እኅታቸውን ዩብዳርን፤ ሴት ልጅ ሳትዳር ከቤት ከወጣች ነውር በሚባልበት ጊዜ፤ በ1920ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ ለትምህርት ወደ ስዊስ አገር ላኳቸው። በዚያን ዘመን ወደ አውሮፓ መሄጃው የታወቀ መንገድ የጅቡቲ ባቡር ነበር፤ ባቡሩም ከአዋሽ በረሃ ወጥቶ ድሬዳዋ ከመድረሱ በፊት በሁርሶ ያልፋል። እኔ ማታ ማታ በድሮው ሐዲድ አጠገብ ስመላለስ፤ ሁለት ልጃገረዶች በባቡር መስኮት ይህንን ግራርና ይህንን አሸዋ ሲመለከቱ በዐይነ ኅሊናዬ ይታዩኛል። ማረጋገጫ የለኝም፤ ግን ደስ ይለኛል።

ወይዘሮ ስንዱ በሎዛን ከተማ ፈረንሳይኛና ሥነ ጽሑፍ ተምረው በ1925 ዓ. ም. ገደማ ተመለሱ። ብዙ ሳይቈዩ ጦርነት መጣ። በሚያዝያ ወር 1928 ዓ. ም. አዲስ አበባ በኢጣልያ እጅ ስትወድቅ እርሳቸው ወደ ምዕራብ፤ ወደ ጎሬ ሄዱ። በዚያም በቀይ መስቀል ሥራ ቁስለኛ ሲረዱ ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ቆሙ። የአርበኞቹ ማኅበር በተበተነ ጊዜ ተያዙ፤ ከዚያም ከእኅታቸው ጋር ወደ ኢጣልያ ተግዘው አሲናራ በምትባል ደሴት ታሰሩ። አሲናራ ከሰርዲኒያ በስተ ሰሜን ምዕራብ ጫፍ የምትገኝ፤ ነፋስና ድንጋይ የሞላባት ደሴት ናት። የተማሩና የከበሩ ኢትዮጵያውያን፤ ሴቶችና ሕፃናት ሳይቀሩ፤ በመቶ እየተቈጠሩ በዚያ ታስረዋል።

እዚህ ላይ ሁለቱን ሴቶች ጐን ለጐን ማየት ይገባል። ኤሚሊ ዲኪንሰን በር የዘጋችው በፈቃዷ ነው፤ ዝምታው ለግጥሟ እንደ ማሳ ሆነላት። በወይዘሮ ስንዱ ላይ ግን በሩን የዘጋው ሌላ ሰው ነው። ስለዚህ ከእስር የተፈታች ባለቅኔ ለብቻዋ ክፍል ዘግታ ልትጽፍ አትሻም፤ ሕዝብ ፊት ቆማ መናገር ትሻለች። ይህ የእኔ አስተያየት ነው፤ ነገር ግን ከዚያ በኋላ የሠሩትን ስመለከት ሌላ ትርጕም ልሰጠው አልችልም።

ኢጣልያ ከተባረረ በኋላ ወይዘሮ ስንዱ የያዙት ሥራ መምህርነት ነው። በመጀመሪያ በደሴ በወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት፤ ቀጥሎም በአዲስ አበባ በእቴጌ መነን ትምህርት ቤት አገለገሉ። የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት በ1924 ዓ. ም. ለሴቶች ልጆች የተከፈተ ሲሆን ይመሩት የነበሩት የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ፤ ወይዘሮ ስንዱ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ዲሬክትሪስ ሆኑ። ዲሬክትሪስ ማለት፤ መቼም የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ የሆነ አንባቢ ይረዳዋል፤ የቀለብ ሒሳብ የምትመረምር፤ የታመመች ተማሪ ሐኪም ቤት የምታስወስድ፤ ለሚኒስቴሩ ደብዳቤ የምትጽፍ ሴት ማለት ነው። ከዚህ ሁሉ በተረፈው ሰዓት ነው ግጥም የጻፉት።

የጻፉትም ለመሳቢያ አልነበረም፤ ለመድረክ ነው። ተማሪዎቻቸው በትምህርት ቤቱ በዓላት በእንግዶች ፊት እንዲጫወቱት ተውኔት ይደርሱ ነበር። የዘመኑ የአማርኛ ተውኔት በአብዛኛው በግጥም ይጻፍ ነበር፤ ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። የወል ቤት ስንኝ ሁለት እኩሌታ አለው፤ እያንዳንዱ እኩሌታ ስድስት ቀለም ይይዛል፤ ተናጋሪው በመካከሉ ይተነፍሳል። ቤት መምታቱም ለሚረሳ ልጅ ቀጣዩን ቃል ይጠራለታል። መድረክ ላይ ወጥታ የማታውቅ የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ስድ ንባብ ስጧት፤ በሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ትደናገራለች። ስንኝ ስጧት፤ እስከ መጨረሻው ትዘልቃለች። ይህን በገዛ ክፍሌ ስላየሁት በእርግጠኛነት እናገራለሁ።

ሌላም ነገር አለ። በዚያ ጊዜ በከተማው ትያትር ቤት የሴት ገጸ ባሕርይ ካለች ወንድ ልጅ ቀሚስ ለብሶ፤ ሻሽ አስሮ ይጫወታት ነበር። ሴት በመድረክ ላይ መታየቷ እንደ ውርደት ይቈጠር ነበርና። በእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ግን ነገሩ ተገለበጠ። በሴቶች ትምህርት ቤት ወንድ ተማሪ ስለሌለ፤ አርበኛውንም ከሐዲውንም የምትጫወተው ልጃገረድ ናት። ጋሻና ጦር ይዛ፤ ስለ አገር የተጻፈውን ስንኝ በሴት ድምፅ ታወርደዋለች። ከፊት የተቀመጡት አድማጮች ደግሞ ጦርነቱን በዐይናቸው ያዩ፤ ብዙዎቹም ዘመድ የሞተባቸው ናቸው። የመጽሐፍ ተቺ ይህን ገጽ አገላብጦ አያገኘውም፤ በወረቀቱ ላይ የቀረው ስንኙ ብቻ ነው።

ከነዚህ ተውኔቶችና ከግጥሞቻቸው የተሰበሰበው «የልቤ መጽሐፍ» በ1942 ዓ. ም. ታተመ። በውስጡ ካሉት አንዱ «የየካቲት ቀኖች» ይባላል፤ ከስሙ እንደሚታወቀው የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ. ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ የደረሰውን እልቂት የሚያነሣ ነው። እልቂቱ ሦስት ቀን ሙሉ የቈየ፤ በብዙ ሺህ የሚቈጠር ሰው ያለቀበት ነው። መጽሐፉ ሲወጣ ገና ዐሥራ ሦስት ዓመቱ ነበር፤ ቁስሉ አልሻረም።

መጽሐፉን ለማየት ስል ባለፈው ዓመት በወሰነ ትምህርቱ ዕረፍት ከድሬዳዋ በአውቶቡስ ተሳፍሬ አዲስ አበባ ሄድሁ። በመጻሕፍት ሻጮች ዘንድ አልተገኘም፤ አንዱ አሮጌ መጽሐፍ ሻጭ «ስንዱ ገብሩ? እንደራሴዋ?» አለኝ። በመጨረሻ በስድስት ኪሎ በኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቤተ መጻሕፍት ተቀምጬ አነበብሁት። ጥራዙን ይዞ መውጣት ስለማይፈቀድ የምፈልገውን ክፍል ሁለት ቀን ሙሉ በእጄ ገለበጥሁ። በመገልበጥ ላይ ሳለሁ ያስተዋልሁትን ልናገር። እጅ ሲገለብጥ ዐይን ሲያነብ ያላየውን ያያል፤ የት ላይ መተንፈስ እንዳለበት፤ የትኛው ቃል ለአፍ እንደሚከብድ ይታወቀዋል። ያነበብሁት መጽሐፍ ለዐይን የተጻፈ አልነበረም።

አድናቆቴ ግን ዐይኔን አልጋረደውም። ወይዘሮ ስንዱ በቃል ኀይል ጸጋዬን ይስተካከላሉ፤ በረቀቀ አሳብ ሰሎሞን ዴሬሳን ይመስላሉ ብል ውሸት ይሆንብኛል። እንደ ዘመናቸው ደራስያን ሁሉ ይመክራሉ፤ መምህርቱ ከባለቅኔዋ ቀድማ የምትናገርበት ቦታ አለ። የዛሬ ተማሪ ይህን ሲያነብ «ስብከት ነው» ሊል ይችላል፤ ብዙም አይሳሳትም። ሆኖም የከበደ ሚካኤልም ግጥም ይመክራል፤ እርሱን ስለ መከረን ከሰሌዳ አልፋቅነውም። ሚዛኑ ለሁሉም አንድ መሆን አለበት።

ታዲያ ከሰሌዳው ያወጣቸው ምንድን ነው? እኔ እንደሚመስለኝ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ራሱ የሥራው ጠባይ ነው፤ ግጥማቸው በትምህርት ቤት መድረክ ኖሮ በትምህርት ቤት መድረክ አለፈ። እኛ ደግሞ የሥነ ጽሑፍ ታሪክ ስንጽፍ የምንቈጥረው የታተመውን መጽሐፍ ነው፤ በሰፊው የሚታወቀው መጽሐፋቸው አንድ ነው። ሁለተኛው ዝናቸው ነው። ይህ የሚያስገርም ይመስላል፤ ግን እውነት ነው። በ1948 ዓ. ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ከወጣ በኋላ በ1950 ዓ. ም. በተደረገው የመጀመሪያ ምርጫ በአዲስ አበባ ተወዳድረው አሸነፉ፤ በአገሪቱ በሕዝብ ተመርጣ ፓርላማ የገባች የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። በኋላም የሕግ መምሪያ ምክር ቤቱ ምክትል ፕሬዚዳንት ለመሆን በቁ። በ1952 ዓ. ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በሚመከርበት ጊዜ ስለ ሚስት መብት ተከራክረዋል። ከዚህ በኋላ በጀርመን አገር በቦን በኢትዮጵያ ኤምባሲ የባህልና የትምህርት አታሼ ሆነው ሠሩ። ሚያዝያ 2001 ዓ. ም. በዘጠና ሦስት ዓመታቸው አዲስ አበባ ውስጥ ሲያርፉ፤ ስማቸው የሚታወሰው እንደራሴ፤ አርበኛና የትምህርት ሰው ተብሎ ነው። ትልቁ ማዕርግ ትንሹን ዋጠው።

አሜሪካዊቷን የጠቀማት አንድ ነገር ይህ ነው፤ ከግጥም በቀር ሌላ የምትታወስበት ሥራ አልነበራትም። ማንም ሰው «ኤሚሊ ዲኪንሰን፤ እንደራሴዋ» ሊል አይችልም። ደግሞም እርስዋ ባለችበት አገር ማተሚያ ቤቱ ብዙ፤ ሊቁ ብዙ፤ የቆየ ወረቀት የሚሰበስበው ዩኒቨርሲቲ ብዙ ነው። የእኛዋ ተውኔቶች ሲጫወቱ ማን እንደ ተጫወተ፤ የትኛው ስንኝ ላይ አዳራሹ እንዳለቀሰ የሚያውቁት በዚያ ጊዜ ልጃገረድ የነበሩ እናቶች ናቸው፤ ዛሬ በሕይወት ያሉት ዘጠና ዓመት ደርሰዋል ወይም ሊደርሱ ጥቂት ቀርቷቸዋል። ይህን የምትነብ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፤ አያትህ ወይም አያትሽ እቴጌ መነን ትምህርት ቤት ገብተው እንደ ነበር ጠይቅ፤ ጠይቂ። የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ለጠፋበት ሰው ከዚህ የተሻለ አይገኝም።

ከወይዘሮ ስንዱ በኋላ ወረቀቱን ያገኙ ሴቶች በርክተዋል። አንዷን ብቻ ልጥቀስ፤ ሠዓሊና ባለቅኔ ከበደች ተክለ አብ ናቸው። በወጣትነታቸው ከአገር ሲወጡ በሶማሊያ ጦር እጅ ወድቀው ዐሥር ዓመት ያህል በእስር ኖሩ፤ ኋላም ወደ አሜሪካ ተሻግረው በሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጥበብ ተማሩ። «የት ነው?» የተባለው የአማርኛ ግጥም መድበላቸው የዚያ መከራ ፍሬ ነው። አንዷ በአሲናራ፤ አንዷ በሶማሊያ፤ ሁለቱም ከእስር ቤት ወጥተው በአማርኛ ተናገሩ። የከበደችን ሥራ በሌላ ጊዜ በሰፊው እመለስበታለሁ።

ወደ ክፍሌ ልመለስ። ያችን የጠየቀችኝን ተማሪ ከዕረፍት እንደ ተመለስሁ ጠርቼ የገለበጥሁትን ደብተር ሰጠኋት። አባቷ ወታደር ነው፤ በሁርሶ ማሠልጠኛ ነው ያደገችው። በሦስተኛው ቀን ደብተሩን መለሰችልኝ፤ በዳሩ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጋበታለች። ተቈጣሁ። ኋላ ሳየው ምልክቱ የተደረገው መተንፈስ የሚገባበት ቦታ ላይ ነበር፤ ሁለት ቦታ ላይ እኔ ስገለብጥ የዘለልሁትን ቃልም ቤቱ አልመታ ሲላት አግኝታዋለች።

ዘንድሮ ለየካቲት 12 መታሰቢያ ከ«የየካቲት ቀኖች» አንድ ክፍል ለማሳየት እየተለማመድን ነው። ወንዶቹ ሁሉ አርበኛ መሆን ፈለጉ፤ የኢጣልያውን መኰንን የሚጫወት አጣን። ልጅቷ «እኔ እሆናለሁ፤ ባርኔጣ ብቻ ፈልጉልኝ» አለች። ልምምዳችን ሐሙስ ሐሙስ ከዐሥር ሰዓት በኋላ ነው፤ ሙቀቱ በረድ ሲል፤ ከግራሩ ሥር። ባርኔጣው ገና አልተገኘም።